የጉማሬው ኩሬ ዳር፦ ከዓለም ገና እስከ መልካ ቁንጡሬ

ዓርብ፣ ዓለም ገና

የጥምቀት ሰሞን አልፏል፤ ትምህርት ቤቶች የመንፈቀ ዓመት እረፍት ላይ ናቸው። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ኳስ ሜዳ ወርዶ ሳለ የጓደኛዬ የሳይንስ ክበብ አባላት ብቻ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ከበው በአንድ ግራጫ ድንጋይ ላይ አቼቶ ያንጠባጥባሉ። ድንጋዩ አረፋ ሲደፍቅ ይጮኻሉ። ጓደኛዬ የጂኦግራፊ መምህርት ናት፤ ስለ ቅሪተ አካል ማውራት ከጀመረች ምሳ ሰዓት መድረሱን የሚያስታውሳት ሰው ያስፈልጋታል። እኔ ባንክ ቤት ሒሳብ የምሠራ ሰው ነኝ። እዚህ የተገኘሁት የእህቴ ልጅ የክበቡ አባል ስለሆነችና ነገ የጥንት ሰዎች ቅሪት ወደሚገኝበት ወደ መልካ ቁንጡሬ ሲሄዱ ልጆቹን በመንገድ የሚጠብቅ ተጨማሪ ትልቅ ሰው ስለተፈለገ ነው።

አረፋ የሚደፍቀው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ከሙገር ሸለቆ ለግንባታ ተጭኖ ከመጣ ክምር የተወሰደ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት የተሰባበረ ዛጎል ሞልቶበታል።

"ይህ ዛጎል ከየት መጣ?" አለች መምህርቷ።

"ከቀይ ባሕር" አለ አንዱ። "ከዝዋይ" አለች ሌላዋ።

ከሁለቱም አይደለም። ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ ዛሬ ደጋ የምንለው ይህ አገር ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ተኝቶበት ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ ዛጎሉና ኮራሉ ኖራ ሆኖ ቀረ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ ደግሞ እሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋይ እየደራረበ ከደነበት። ዓባይ፣ ጀማና ሙገር ያንን ክዳን ሰንጥቀው ባይወርዱ ኖሮ የታችኛውን የሚያየው ሰው አይኖርም ነበር። ሙገር ላይ ሲሚንቶ የሚሆነውም ይኸው የኖራ ድንጋይ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ተነሥተው የአዳራሹን ግድግዳ ነኩት። እኔም ነካሁት። የኮንዶሚኒየም ዕዳዬን የምከፍለው ለባሕር ፍጥረታት ዐፅም መሆኑን እስከ ዛሬ የነገረኝ አልነበረም።

ባሕር ከተነሣ አይቀር ብላ ላይም ሪጂስ ስለምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ አወራችላቸው። ሜሪ አኒንግ እዚያ እ.ኤ.አ. በ1799 ተወለደች። አባቷ አናጢ ነበር፤ ዕዳ ትቶ ሞተ። ቤተሰቡ ከገደሉ ሥር የሚወድቁ ቅሪተ አካላትን እየለቀመ ለጎብኚ በመሸጥ ይተዳደር ጀመር። በ1811 ወንድሟ የአንድ ግዙፍ እንስሳ ራስ ቅል አገኘ፤ በተከታዩ ዓመት ሜሪ ቀሪውን አካል አገኘችው። ኢክቲዮሳውር የሚባለው የባሕር ተሳቢ ነበር፤ እሷ ያን ጊዜ ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። በ1823 ደግሞ አንገተ ረጅሙን ፕሌሲዮሳውር አወጣች። ምሁራኑ ያወጣችውን እየገዙ ጻፉበት፤ የለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር ግን ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው። ሜሪ ከሞተች 72 ዓመት አልፎ። ዛሬ የከተማይቱ ሙዚየም የቆመው ቤቷ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ሙዚየሙ ጎብኚዎችን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይዞ እየወጣ ቅሪተ አካል ያስለቅማል፤ ከገደሉ ወድቆ አሸዋ ላይ የተገኘውን ትንሽ አሞናይት፣ ዘሩ የጠፋ የባሕር እንስሳ ጥምዝ ዛጎል፣ ልጆች ኪሳቸው ከተው ወደ ቤት መውሰድ ይችላሉ።

"እኛስ ነገ ያገኘነውን እንወስዳለን?" የእህቴ ልጅ ናት።

"አንዲት ጠጠር አትነኩም።"

አዳራሹ አጉረመረመ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን እንደሚከለክል ነገረቻቸው፤ ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ግን አዋጅ መልስ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ግቢው አወጣቻቸው። የአሸዋ ክምር በሲባጎ በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ ውስጡ ከሥጋ ቤት ተለምኖ የተቀቀለ የበግ አጥንት ተቀብሯል። ትእዛዙ አጭር ነው፦ በብሩሽ ብቻ ግለጡ፤ ያያችሁትን ወረቀት ላይ ሳትሥሉ አታንሡ። የመጀመሪያው ቡድን መንጋጋ እንዳየ ከአሸዋው መንጭቆ አወጣው። መምህርቷ ሳትቆጣ ተቀበለችና "ወዴት ዞሮ ነበር? ምን ያህል ጥልቀት ላይ? አጠገቡ ምን ነበር?" ብላ ጠየቀች። ማንም አያውቅም። መንጋጋውን ወደ ሥጋ ቤቱ ማዳበሪያ ከረጢት መለሰችው፤ ከጨዋታ ወጣ። ቀጣዩ ቡድን አንዲት ጥርስ ለመግለጥ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ለትዕግሥት የሚሰጥ ሽልማት ቢኖር ለእነዚህ ልጆች በሰጠሁ።

ቅዳሜ፣ መልካ ቁንጡሬ

ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ የሚታጠፈውን መንገድ ጎህ ሲቀድ ያዝን። ብርዱ የቅጥቅጡን መስኮት አደብዝዞታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ጤፉ ታጭዶ አልቋል፤ አውድማው ላይ በሬዎች ይዞራሉ። ከአዲስ አበባ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሾፌሩ ሁለተኛውን ካሴት ሳይጨርስ የአዋሽ ድልድይ ደረስን።

ሙዚየሙ ሣር ክዳን ጎጆዎች ናቸው፤ አንዱ ስለ እሳተ ገሞራና ስለ መሬት አፈጣጠር፣ አንዱ ስለ እንስሳት ቅሪተ አካል፣ ሌሎቹ ስለ ቅድመ ታሪክ የሚናገሩ። ግቢው ንጹሕ ነው፤ ጸጥ ያለ ነው፤ ከእኛ ሌላ ጎብኚ አልነበረም። ይህ ነገር አበሳጨኝ። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። "ምድረ ቀደምት" የሚለውን መፈክር በየአየር ማረፊያው ለጥፈን ለእንግዳ እናሳያለን፤ የቀደምቱ ቤት ግን ከከተማችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ባዶውን ይውላል። በር ላይ ያገኘናቸው አዛውንት ጥበቃ ነገሩን በራሳቸው መንገድ አስቀመጡት፦ "ልጄ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሁሉ ወደ ቲያ ሲያልፍ ሽንት ቤት ሊጠይቀኝ ነው የሚቆመው።"

ቦታውን ለሳይንስ ያስተዋወቀው ገሪት ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮ ጀመረ፤ ኋላም ጣሊያኖች በማርቼሎ ፒፔርኖ፣ ከዚያም በማርጌሪታ ሙሲ መሪነት ቀጠሉበት። አዋሽ በሁለት ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ያነጠፈው ደለል በየመሐሉ የእሳተ ገሞራ አመድ አለው። አጥንት ሜዳ ላይ ቢቀር ጅብ ይሰባብረዋል፣ ፀሐይ ይፈረካክሰዋል። ደለልና አመድ ፈጥኖ ከሸፈነው ግን ውኃ የሚያመጣው ማዕድን ቀስ በቀስ ቦታውን እየተካ ወደ ድንጋይነት ይቀይረዋል።

አመዱ ሌላም ጥቅም አለው። አስጎብኛችን ዕድሜውን ከጠቀሰ በኋላ አንድ ልጅ "ማን ቆጠረው?" አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔም በልቤ ይዤው ነበር። መምህርቷ ሁላችንንም ወደ ግቢው ቧንቧ ወሰደችን። ባዶ ጄሪካን ከሥሩ አስቀመጠችና ቧንቧውን ጠብታ እስኪሆን ዘጋችው። "አሁን ሄደን ተመልሰን ብንመጣ፣ ጄሪካኑ መጀመሪያ ባዶ እንደነበር ካወቅን፣ ጠብታውም ፍጥነቱን ካልቀየረ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየን ከውኃው ልክ ማወቅ እንችላለን።" በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ያለው ጠብታ አርጎን የሚባል ጋዝ ነው። አንዱ የፖታሲየም ዓይነት፣ ፖታሲየም 40፣ እጅግ በዝግታ ይለወጣል፤ ከሚለወጠውም ከፊሉ አርጎን ይሆናል፤ ግማሹ እስኪለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይወስዳል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ይተናል፤ ጄሪካኑ ባዶ ነው ማለት ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የተጠራቀመውን ይለካሉ። ከአመዱ በታች ያለ ነገር ሁሉ ከአመዱ ይቀድማል፣ በላይ ያለው ይከተላል። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ይህ ወዲያው ገባኝ፤ ከመነሻው ባዶ መሆኑ ያልተረጋገጠ ሒሳብ እንደማይዘጋ ከማንም በላይ አውቃለሁ።

ጎጆው ውስጥ የራስ ቅሎችና የመንጋጋ ቅጂዎች አሉ። እኔን ያቆመኝ ትንሿ ናት፤ ጋርባ አራት ከተባለው ሥፍራ የተገኘችው የሕፃን መንጋጋ። በ1981 የወጣች ናት፤ የየትኛው የሰው ዘር እንደሆነች ግን ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል። በ2023 የታተመ ጥናት መንጋጋዋን ሳይሰብር፣ በኃይለኛ ኤክስሬይ፣ ገና ከድዷ ሥር ያልወጡትን ጥርሶች አይቶ ሆሞ ኤሬክተስ ከሚባለው የጥንት የሰው ዘር የሆነች ሕፃን ናት አለ። ዕድሜዋ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ይህ ሉሲ ከተገኘችበት ከቆላው ሐዳር ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓለም ነው። መልካ ቁንጡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጠዋት ጣታችንን ያደነዘዘው ብርድ ያኔም ነበረ። አንዲት እናት እሳት ይኑራት አይኑራት በማይታወቅበት ዘመን እዚህ ወልዳ አሳድጋለች።

"ሞታ ነው እንጂ የተገኘችው፣ አላሳደገቻትም" አለች የእህቴ ልጅ። ዝም አሰኘችኝ።

ከዚያው ሥፍራ፣ ከመንጋጋዋ ሽፋን ጥቂት ከፍ ብሎ፣ የድንጋይ መሣሪያው አሠራር ይቀየራል። ከታች ያሉት ከጠጠር የተፈለጡ ቀላል ስለቶች ናቸው፤ ከላይ፣ ከ1.95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ በሁለት ፊት የተጠረበው የእጅ መጥረቢያ ብቅ ይላል። ሲምቢሮ በሚባለው ሌላ ሥፍራ ደግሞ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሰዎች ወንዙ ያመጣውን ባልጩት እየመረጡ በብዛት ጠርበዋል። ባልጩት የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ነው። እጅ ይቆርጣል፤ እሱን በልኩ መጥረብ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል።

ከምሳ በኋላ ወደ ጎምቦሬ በእግር ሄድን። ምሳው ሽሮና ጎመን ነበር፤ ስለሱ የሚጻፍ ነገር የለም። ጎምቦሬ ላይ ቁፋሮው እንዳለ ጣሪያ ተሠርቶለት ተትቷል። ድንጋዩና አጥንቱ ከነበረበት አልተነሣም፤ ዐርብ ዕለት መንጋጋ መንጭቆ ያወጣው ልጅ አጥሩን ተደግፎ ረጅም ጊዜ ቆመ። ምንም አልተባለም፤ አያስፈልግምም።

ይህ አካባቢ ከ700,000 ዓመት በፊት ትንሽ ጭቃማ ኩሬ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ጥናት ጭቃው ላይ የታተመውን ዱካ ያነባል። ጉማሬ አለ፣ ወፍ አለ፣ የሜዳ አህያ ዘመድና ትላልቅ ቀንዳማ እንስሳት አሉ፤ በመሐላቸው የሰው እግር። የአዋቂ ብቻ አይደለም፤ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃናትም እግር አለበት። እዚያው ሥፍራ ድንጋይ ይጠረብ ነበር፤ ጉማሬ ታርዶ ሥጋው ተገፏል፤ አጥንቱ ላይ የስለት ጭረት ቀርቷል። ሕፃናቱን ለአሳዳጊ ትተው አልመጡም። የፋሲካ ዋዜማ ቅርጫ ሲካፈል በአባቶቻቸው እግር ሥር እየተሹለከለኩ ደም የሚረግጡትን ልጆች ያየ ሰው ሥዕሉን ሳያዩት ያውቀዋል። ሰው "የሰው ዘር መገኛ" ሲል ዘወትር አንድ ባለ ግርማ አባት፣ ጦር የያዘ፣ ቀና ብሎ የቆመ ይሣልልናል። ምድሪቱ ያቆየችው ግን ጭቃ የሚያቦኩ ሕፃናትን ነው። ይህ ለእኔ ከመፈክሩ ሁሉ ይበልጣል።

ወደ አዋሽ ዳር ወርደን ልጆቹ የራሳቸውን ዱካ አተሙ። ሥራው እንዲህ ነው። ጭቃው እግር የማያሰጥም፣ የማይሰነጠቅም መሆን አለበት። ይራመዱበታል፣ ይሮጡበታል፣ ወንድሞቻቸውን አዝለው ያልፋሉ። ከዚያ ጀሶ ይበጠበጣል፤ ውኃው ይቀድማል፣ ጀሶው በላዩ እየተነሰነሰ ፊቱ እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ሲል ይቆማል። ቶሎ ቶሎ ማማሰል የለም፤ አየር ይገባበታል። በቆርቆሮ ቀለበት ዙሪያውን አጥሮ ማፍሰስ፣ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ፣ ገልብጦ ማጠብ።

የእህቴ ልጅ ዱካዋን አሳምራ አትማ ጀሶ ለማምጣት ዞር ባለችበት ቅጽበት የመንደሩ ፍየሎች ውኃ ሊጠጡ ወረዱ። አንዷ ልክ በተረከዙ ላይ ረግጣ አለፈች። ልጅቱ እንባዋ መጣ። መምህርቷ እየሮጠች መጥታ ተንበረከከችና ሳቀች፦ "አትንኪው! አትንኪው! ይኼ ነው እኮ ጎምቦሬ!" ሌሎቹ ጀሷቸውን ጥለው ከበቧት። ማን ቀደመ፣ ሰው ወይስ ፍየል? የፍየሏ ሰኮና የተረከዙን ጠርዝ ሰብሮ ወደ ውስጥ ገፍቶታል፤ ስለዚህ ሰው ቀድሟል። ፍየሏ ትሮጣለች ወይስ ትራመዳለች? ሰኮናው ወደ ፊት አልተንሸራተተም፤ ትራመዳለች። ወደ ውኃው ወይስ ከውኃው? ክርክሩ ረዘመ። እረኛው ልጅ፣ አማርኛው ትንሽ የሆነ፣ ቆሞ ሲሰማ ቆይቶ በኦሮምኛ አንድ ነገር አለ፤ አስጎብኛችን ተረጎመልን፦ ያቺ ፍየል ግራ የኋላ እግሯን ታነክሳለች፣ ሰኮናው ጠልቆ የገባው በዚያ ነው። እኛ ያላየነውን በአንድ ዓይን አየው። መምህርቷ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው።

ማታ ከድልድዩ ማዶ ባለች አነስተኛ ሆቴል አደርን። ልጆቹ ጀሷቸውን ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ጠቅልለው ራሳቸው በጃኬት ተኙ።

እሑድ፣ ቲያ እና ባልጪት

ቲያን በጠዋት አየን። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ አብዛኞቹ ላይ ሰይፍ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ የመቃብር ሥፍራ ነው። ድንቅ ቦታ ነው፤ ልጆቹ ግን ከሁለት ሚሊዮን ዓመት መጥተው የጥቂት መቶ ዓመታት ነገር አልከበዳቸውም። አንዱ ሐውልቱን ዞሮ አየና "ይኼ አዲስ ነው" አለ። ተሣቅቄ አስጎብኚውን አየሁት፤ እሱም እየሳቀ ነበር።

በመመለሻው ባልጪት ላይ ወረድን። መሬቱ ፀሐይ ሲያገኘው ያብለጨልጫል። ጥቁር ስብርባሪ፣ አንዳንዱ እንደ ምላጭ የሳሳ፣ ከእግር በታች ይንኳኳል። ገሚሱ ተፈጥሮ የሰበረው ነው፤ ገሚሱ ሰው ጠርቦ የጣለው ፍልጥ። ልዩነቱን መምህርቷ አሳየቻቸው፤ ሰው የመታው ፍልጥ ምቱ ያረፈበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው፣ ከሥሩ እብጠት፣ ከእብጠቱ ተነሥቶ የሚሰፋ ሞገድ። አንዴ ካዩት በኋላ የማይቆም ጨዋታ ሆነ። "ሰው!" "ተፈጥሮ!" "ሰው!" እየተባለ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ኮንሶ ውስጥ ቆዳ ፋቂ ሴቶች በድንጋይ ስለት መሥራታቸውን ለዘመናችን ያደረሱት መሆኑን ስትነግራቸው ከመሬት ቀና ብለው አዩዋት። ከዚህ ጠራቢ እስከዚያች ፋቂ በድንጋይ ስለት መሥራት አልቀረም።

ወደ ቅጥቅጡ ስንወጣ ኪስ ፍተሻ ነበረ። ሦስት ፍልጥ ተገኘ። ላይም ሪጂስን የጠቀሰ አንድ ጠበቃ ተነሣ፤ "እዚያ እኮ ይወስዳሉ" አለ። መምህርቷ አልተከራከረችውም። "የዚያ ገደል በየክረምቱ ይናዳል፤ ካልተነሣ ባሕር ይበላዋል። ይኼን የሚበላው የለም፣ ካንተ በቀር" አለችው። ሦስቱም ፍልጦች ወዳነሷቸው ቦታ ተመለሱ፤ ልጆቹ ቦታውን በትክክል ያስታውሱ እንደሆነ ግን አልምልም።

ዓለም ገና ስንደርስ ወላጆች በር ላይ ይጠብቁ ነበር። የመኪናው ሰልፍ አላንቀሳቅስ ስላለን አንድ ሰዓት ዘግይተናል። የእህቴ ልጅ አባት የጀሶውን ጥቅል ከእጇ ተቀብለው ገለጥ አደረጉና የሚያዩትን ማመን አቃታቸው።

"አንድ ሌሊት ያደርሽው፣ ይኼን ሁሉ ብር የከፈልነው፣ ለእግርሽ ዱካ ነው? ቤት ውስጥ ስንቱን በየቀኑ እያጠብን!"

"አባዬ፣ ቀስ ብለህ ያዘው" አለች ልጅቷ። "የጎኑ የፍየል ነው።"